የግራ እጅ ባትሪ

ጥሩ የእጅ ባትሪ የሠሪውን ችሎታ የሚናገረው ገና ሳይበራ ነው። የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል አላልተው ማብሪያውን ይጫኑት። ካልበራ የክዳኑን መዞሪያ ጥርስ የቆረጠው ሰው ሥራውን ያውቃል። የአሉሚኒየሙ ቱቦ በጣም በቀዘቀዘ የሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ላዩ ወደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ቆዳ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ጥርሱ በዚህ ቆዳ ተሸፍኖ የቱቦው ጠርዝ ብቻ ራቁቱን ሲተው፣ ክዳኑ ሲጠብቅ ባትሪው ይሠራል፤ ትንሽ ሲላላ ይቆለፋል። ቦርሳ ውስጥ ሳይታሰብ እንዳይበራ የሚከለክለው ቁልፍ ያለ አንዲት ትርፍ ቁራጭ ብረት ተገኘ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ የምደነቅበት ነገር አለ። ያ ቆዳ ግማሹ ወደ ብረቱ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያድጋል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን ገደማ አይበልጥም። ሆኖም ቶርኖው ላይ የቆመው ባለሙያ ጥርሱን ሲቆርጥ ገና ላልበቀለው ቆዳ ቦታ መተው አለበት። ካልተወ ክዳኑ ይነክሳል፤ አብዝቶ ከተወ ይወዛወዛል፣ ውሃም ያስገባል። ለሰው ዓይን የማይታይ ልክ ነው፤ ጣት ግን ክዳኑን ስታዞር ታውቀዋለች።

ይህን ዕቃ በቁም ነገር እንዳየው ያደረገኝ የናይሮቢው ሰፈር ሁርሊንግሃም ነው። ናይሮቢ የምድር ወገብ ጥግ ላይ ስላለች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያው ይጨልማል። አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ላይ እራቱን በልቶ ወደ ኪሊማኒ የሚያቀና ሐበሻ ዛፍ የበዛባቸውን፣ አጥራቸው የረዘመውን መንገዶች ያውቃቸዋል። መብራትም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023 ምሽት አብዛኛው ኬንያ ሲጨልም የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ጭምር ጨልሞ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይም አገር አቀፍ ጨለማው ተደገመ።

እንዲህ ባለው ጨለማ አንዳንዱ ሽጉጥ ያስባል፤ ጦር መሣሪያ መያዝ ግን እዚህ ኬንያ በፈቃድ እንጂ በመብት አይደለም። ሕጉ የጦር መሣሪያ አዋጅ ምዕራፍ 114 ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ነው። በእኛም አገር፣ በኢትዮጵያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነገሩ በፈቃድ የታሰረ ነው። የግቢ በር ላይ የሚቆሙት፣ እዚህ አስካሪ የሚባሉት ዘበኞች ጠመንጃ አይዙም፤ ዱላና ባትሪ ነው ያላቸው። ቢሆንም ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ናይሮቢ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ሲጠቃ የግል ሽጉጣቸውን ይዘው ገብተው ሰው ካወጡት መካከል እንደነዚህ ያሉ ሲቪሎች ነበሩበት። እንግዲህ ፈቃድ ያለው ወዳጅ ከሽጉጡ ጋር የትኛውን ባትሪ እንደሚይዝ ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የምለው ከሽጉጡ ጋር የማይጣበቀውን ነው።

ከአፈሙዝ ሥር የሚገጠሙ ባትሪዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሥራቸው ያስቀናል። ችግሩ አሠራራቸው ላይ አይደለም። ሽጉጥ ላይ በተገጠመ ብርሃን የሚያይ ሰው፣ የሚያየው ሁሉ ላይ ያነጣጥራል። ሌሊት ኮሪደር ላይ የሚሰማው ኮቴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ ሊጠጣ የተነሳ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ወይም ግቢውን የሚዞር አስካሪ ነው። በተጨማሪ ልጅ ያለበት ቤት ሽጉጡ በካዝና ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ ፍለጋ ካዝና መክፈት የለብንም። ባትሪው ራስጌ ይቀመጥ፤ ሽጉጡ ካዝናው ውስጥ ይቆይ። ከመቶ ሌሊት ዘጠና ዘጠኙ የሚፈልገው ብርሃን ብቻ ነው።

የዕቃው ጥራት የሚፈተነው ጭራው ላይ ባለው ማብሪያ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ሁለት ዓይነት ማብሪያ አለ። አንደኛው ገና ግማሽ ሲጫኑት ይበራል፣ ሲለቁት ይጠፋል፤ እስከ መጨረሻው ከተጫኑት ቀጭ ብሎ በርቶ ይቀራል። ሁለተኛው የሚበራው ቀጭ ካለና ጣት ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው። በሱቅ መስኮት ሁለቱ አይለዩም። በጨለማ ግን የመጀመሪያው ለአውራ ጣት ይታዘዛል፤ አንድ አፍታ አብርቶ፣ አይቶ፣ አጥፍቶ ቦታ ለመቀየር ያስችላል። ሁለተኛው አንዴ ከበራ ለማጥፋት ሌላ ጭነት ይጠይቃል። የጎማው ሽፋን ልስላሴ፣ የውስጡ ሞላ ግፊት፣ ቀጭ የሚልበት ጥልቀት ሁሉ የሠሪው ውሳኔ ነው። በጣም የጠጠረ ማብሪያ አደጋም አለው፦ አንድ እጅ በድንገት ሲጨብጥ ሌላኛው እጅ አብሮት የመጨበጥ ዝንባሌ አለው። ግራው ማብሪያውን ሲታገል ቀኙ ቃታ ላይ ከነበረ ውጤቱ ይታወቃል። ስለዚህ ለስላሳ ማብሪያ ይመረጥ፤ ጣትም ከቃታው ርቆ የሽጉጡ ጎን ላይ ይቀመጥ።

ሁለቱን እጆች የሚያገናኝ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማይክል ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ አስተምሮ በስሙ ቀርቷል። ባትሪ የያዘው የግራ እጅ ከቀኙ ሥር ያልፍና የሁለቱ እጆች ጀርባ ይደጋገፋል፤ ብርሃኑና አፈሙዙ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት ግራ እጅ ብቻውን ብዙ መሥራት ይችላል። የሁርሊንግሃም አፓርታማዎች ኮርኒስ አብዛኛው ነጭ ነው፤ ብርሃኑን ወደ ላይ ቢያበሩት ክፍሉ በሙሉ ይታያል፣ ማንም ላይም አልተነጣጠረም። መጀመሪያ የሚታየውም በክፍሉ የተገኘው ሰው እጅ ይሁን። ምን እንደያዘ የሚያሳየው እጁ ነው።

የብርሃን ቁጥሮች ላይ ገበያው ይጮኻል። በናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳና ላይ ካርቶኑ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሉመን የሚምል ቀላል ባትሪ ማግኘት አይከብድም። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይለካል። 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ በ10 ሜትር ርቀት 100 ሉክስ ይሰጣል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ኤፍ ኤል 1 የተባለ መመዘኛ የባትሪን ርቀት የሚቆጥረው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስኪደርስ ነው፤ ይህም የጠራ ሰማይ ሙሉ ጨረቃ ያህል ነው። በዚህ ስሌት ያ ባትሪ እስከ 200 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ሰው ለመለየት ግን ከዚያ በእጅጉ መቅረብ ያስፈልጋል። ለግቢ የተሰበሰበ ጨረር ይሻላል፤ ለኮሪደር ሰፋ ያለው፣ ከነጭ ግድግዳ ተመልሶ የባለቤቱን ዓይን የማይመታው። አንድ ባትሪ ብቻ መግዛት ካለብኝ መሃሉ የተሰበሰበ፣ ዙሪያው የፈሰሰ ጨረር ያለውንና በመጀመሪያው ጭነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ብርሃን የሚሰጠውን እወስዳለሁ። አንዴ ደብዛዛ፣ አንዴ ብልጭ ድርግም የሚለውን አልፈልግም።

የዚህ ሙያ ታሪክ የብረት ቆራጮች ታሪክ ነው። አንቶኒ ማግሊካ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ተወልዶ በክሮኤሺያዋ ዝላሪን ደሴት ያደገ የቶርኖ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያቀረበው ማግላይት ከቆርቆሮና ከፕላስቲክ ሳይሆን ከአሉሚኒየም የተፈለፈለ የእጅ ባትሪ ነበር። የሱ ማብሪያ ጎን ላይ ነበር፤ ትልልቆቹም ከባድ ነበሩ። የጆን ማቲውስ ኩባንያ ሹርፋየር ደግሞ መነሻው ለጦር መሣሪያ የሌዘር ማነጣጠሪያ መሥራት ነው። 6ፒ የተባለው ባትሪው መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ማብሪያው ጭራው ላይ የሆነ፣ በሁለት ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ድንጋይ የሚሠራ ነበር። ያኔ 65 ሉመን ይሰጥ ነበር። ዛሬ ከዚያ ያነሱ ባትሪዎች ከሺህ ሉመን በላይ ያወጣሉ፤ ያ አካል ግን ዛሬም አብነት ነው። እጀታው ላይ የተጫነው ሸካራ ጥለት ላብ የነካውን እጅ ይይዛል፣ የኪስ ጨርቅ ግን አይቦጭቅም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማስታረቅ የመቁረጫውን ስለት ሹልነት በልክ የማቆም ጉዳይ ነው።

ድንጋዩም የሥራው አካል ነው። ተራ የአልካላይን ድንጋይ ሲረሳ ይፈሳል፤ የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል። ድንጋዩ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ጥሩ ባትሪ የሞተበት ቤት ብዙ ነው። የሊቲየሙ ሲአር123ኤ ግን መሳቢያ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ይቆያል። ክዳኑ ጥርስ አጠገብ ያለውን ኦሪንግ የተባለ የጎማ ቀለበት በሲሊኮን ቅባት መቀባት፣ የቱቦውን ጠርዝ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ በቂ እንክብካቤ ነው።

ስለ ሽጉጥ የጻፍኩት ፈቃድ ላላቸው ጥቂቶች ነው። የሁርሊንግሃም ሌሊት ግን የተጣለው በአስካሪዎቹ ላይ ነው። ለካሜራና ለኤሌክትሪክ አጥር ገንዘብ የሚያዋጡ የግቢ ማኅበራት በሩ ላይ ለቆመው ሰው የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ጥርሱ የላላ የፕላስቲክ ባትሪ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሱት፦ ግማሽ ሲጫኑት የሚበራ ማብሪያ ያለው፣ በኦክሳይድ ቆዳ የጠነከረ አሉሚኒየም የሆነ፣ ዝናብ የማያስገባ አንድ ባትሪ፣ ከነመለዋወጫ ድንጋዩ፣ ለእያንዳንዱ ፈረቃ።