ዲኮሩን ክትፎ ይዳኘው

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና የሚጓዝ ሰው በጥር ወር እምድብር ሲደርስ የሰርግ መኪና ሳይገጥመው አያልፍም። ሙሽሮቹን የሚቀበለው አዳራሽ ግን ለሰርግ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ስብሰባውም ምርቃቱም እዚያው ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ እስከ ግማሹ በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ከላይ የተንጠለጠሉ ነጭ አምፖሎች። ይህን ቤት በአንድ ሌሊት የሰርግ ቤት ማድረግ ሙያ ነው። ሙያውን መመዘንም እንዲሁ። ብዙው ሰው በር ላይ ቆሞ «አቤት ማማሩ!» ይልና ይገባል፤ ያ ፍርድ ግን ማታ ላይ ይሻራል። ዲኮር የሚመዘነው ሰው ገብቶበት፣ ተበልቶበት፣ ተጨፍሮበት ነው።

ዓይንን የሚያሠለጥነው ቦታ ለእምድብር ሰው ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የሚገኘው ክቡ የጉራጌ ሣር ቤት ነው። መሐሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል፤ የጣሪያው እንጨቶች ከምሰሶው ተነሥተው ዙሪያውን ይዘረጋሉ፤ የአንዱ ከሌላው ርቀት በዓይን የተለካ ነው። ምንም አልተሸፈነም፣ ምንም አልተደበቀም። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ጣባ፣ ሸክላና ስፌት ቤቱን ያሳምራል፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ ወርዶ ይበላበታል። መስቀል ሲቃረብ ሴቶቹ ወለሉንና ግድግዳውን እንደገና ይለስናሉ፣ ዕቃው ታጥቦ ይወለወላል፣ ጅባው ይነጠፋል። ይህን ቤት የሚያቆሙት የእንጨት ባለሙያዎች ለዘመናት ሲናቁ መኖራቸው ያሳዝናል፤ ከአገሩ እጆች ሁሉ የረቀቀው የእነሱ ነበርና።

ከዚያ ቤት የወጣ ዓይን አዳራሽ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል። ጥሩ ዲኮር ሠሪ የጣሪያውን ብረቶች ቆጥሮ ጨርቁን በእነሱ ልክ ያወርዳል፤ ስለዚህ የጨርቁ እርከን ከአዳራሹ እርከን ጋር አብሮ ይሄዳል። ደካማው ሠሪ ጨርቁን ባገኘው ሚስማር ላይ ይቋጥራል፤ አንዱ ጥግ ይረግባል፣ ሌላው ይወጠራል፣ ሰውም ምክንያቱን ሳያውቅ ዓይኑ ያርፍበት ያጣል። ለ10 ሜትር ግድግዳ 10 ሜትር ጨርቅ ይዞ የመጣ ሠሪ አንሶላ ነው የሚሰቅለው። እጥፋቱ ሞልቶ እንዲወርድ ከ15 እስከ 20 ሜትር ያስፈልጋል። የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ ደንበኛውም ሲዋዋል የጨርቁን ሜትር መጠየቅ አለበት። ቀጥሎ ጫፉን ይመልከት። መሬት የሚጎተት ጨርቅ ምሳ ሳይደርስ ይቆሽሻል፤ ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ከፍ ያለ ግን እስከ ማታ ንጹሕ ነው። ካውያ ያልነካው ጨርቅ መብራት ከጎን ሲመጣበት ሽብሽቡ ሁሉ ይወጣል።

ፊኛ የሚወድ ደንበኛም አለ። ቆርቆሮ በቀትር ሲግል በፊኛው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፤ ልክ እስኪወጠር የተነፋ ፊኛ ሙሽሮቹ ሳይገቡ መፈንዳት ይጀምራል። የሚያውቅ ሠሪ አጉድሎ ይነፋል፣ ከጣሪያውም ያርቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። በጉራጌ ሰርግ ላይ ክትፎ የገበታው ንጉሥ ነው፤ በጣባ፣ በኮባ ላይ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ቆጮ ተጨምሮበት ይቀርባል። የሥጋው ቅላት የሚታየው ግን የሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ ቀይ ሲኖር ነው። በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ መብራት ሥር ያ የሚያምር ክትፎ ይጠቁራል፣ አይቡ የሻገተ ይመስላል። በዚያው ብርሃን የሙሽሪት ፊት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ ስንት ሰዓት የተደከመበት ሜካፕ ከንቱ ይቀራል። የአምፖል ብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩም በካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ከ2,700 እስከ 3,000 ያለው ሞቅ ያለ ነው፣ ለሰው ፊትም ለምግብም ይስማማል። 6,500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ለሱቅና ለቢሮ ይሁን። ቀለማም መብራት ከተፈለገ ግድግዳውን ይምታ፤ ገበታውንና ሰውን ግን ይተው። ዲኮሩን የሚመዝን ሰው እንግዳ ሳይመጣ አንድ ጣባ ክትፎ አስይዞ በር አጠገብ ወዳለው የመጨረሻ ጠረጴዛ ይሂድና እዚያ ይየው። መድረኩን ማሳመር ለሁሉም ይቀላል። ከኋላ የተቀመጠው የገጠር ዘመድ ምግቡንም ሙሽሮቹንም በደንብ ካየ ግን ሠሪው ባለሙያ ነው።

ከመብራቱ ጋር መስመሩም ይታያል። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚሸከም መስመር 2,200 ዋት ነው የሚችለው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ዲኮሩ፣ ድምፅ ማጉያውና ማዕድ ቤቱ በአንድ መስመር ላይ ከተንጠለጠሉ ኬክ ሲቆረስ ጨለማ ይሆናል። ማን ከየት እንደሚስብ አስቀድሞ ያልጠየቀ ዲኮር ሠሪ ሥራውን ገና አልጀመረም።

ቦታ መተው ከባዱ ጥበብ ነው። ስፋቱ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ያስቀምጣል፤ በጠረጴዛና በጠረጴዛ መሐል 1.5 ሜትር ያህል ካልተተወ አስተናጋጁ ወጥ ይዞ በእንግዳ ጀርባ ማለፍ አይችልም። የጉራጌ ጭፈራ ደግሞ እግር አያሳርፍም። መድረኩ ፊት ባዶ ሜዳ ያላገኘ ጨፋሪ የአበባ ማስቀመጫውን ይዞ ይወድቃል።

አበባን በተመለከተ፣ አደይ በመስከረም ነው፤ የጥር ሰርግ ላይ የተሰካ የፕላስቲክ አደይ ወቅቱን የሚያውቅ ዓይን ይቆረቁረዋል። ጽጌረዳ ከዝዋይና ከሆለታ እርሻዎች ይወጣል፤ ገንዘብ ላለው መልካም ነው። እምድብር ግን በእጇ ያለውን ማየት ይገባታል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ የቸሃ ጉራጌን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል። ከጓሮ የሚቆረጠው የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ አረንጓዴነቱም ከየትኛውም ጨርቅ ይልቃል። የጓሮ ቅጠልን ለጌጥ ማዋል አያሳፍርም፤ እንግሊዛዊቷ የአበባ ባለሙያ ኮንስታንስ ስፕራይ በአበባ ዝግጅቶቿ ውስጥ የጎመን ቅጠልና የዱር ተክል ታስገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል አበባ ያሰናዳችውም እሷ ናት። ኮባ የራሱ ጠባይ አለው። ነፋስ ባለበት ከተሰቀለ የጎን ሥሮቹን ተከትሎ ይተለተላል፤ ስለዚህ ከበርና ከመስኮት ይርቃል። መታጠፍ ካለበት በእሳት ለብ ይደረጋል፣ ያኔ ሳይሰበር ይገራል። የሚቆረጠው በዕለቱ ማለዳ ነው፤ በዋዜማው የተቆረጠ ኮባ ሙሽሮቹ ሲገቡ አንገቱን ደፍቷል። ቄጠማም እንዲሁ በመጨረሻው ሰዓት ይጎዝጎዝ፤ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ስለሚያንሸራትት የአስተናጋጆቹ መንገድ ላይ ይሳሳ።

አዳራሽ ያላገኘ ወይም ያልፈለገ ዳስ ይጥላል፤ ለዚህም ጀፎረ አለ። በሁለት ወገን ቤቶች የተሰለፉበት ይህ ሰፊ የሣር ጎዳና ለሰርግም ለለቅሶም ለመስቀልም ያገለግላል፤ እንዳይታጠርና እንዳይታረስ የሚጠብቀው የአገሩ ባህላዊ ሕግ፣ ቂጫ ነው። እዚህ ላይ የማስዋብ ግማሹ ቦታ መምረጥ ነው። ጥሩ ዳስ የከብቱንና የእግረኛውን መተላለፊያ አይዘጋም፣ በሩን ከነፋሱ ያዞራል፣ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ በአንድ መስመር የቆሙ ናቸው። ሸራው በቂ ቁልቁለት ሊኖረው ይገባል፤ የረገበ ሸራ ውሃ ያቁራል፣ ያ ውሃ ደግሞ መጨረሻው ሽማግሌዎቹ ላይ ነው። ውስጡን በጨርቅ ማፈን ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ጀፎረ ላይ ዳስ የጣለ ሰው አረንጓዴውን ሜዳና የእንሰቱን ጓሮ በነጻ አግኝቷል፤ ጎበዝ ሠሪ አንዱን ጎን ክፍት ትቶ እንግዳውን ወደዚያ ያስቀምጣል።

የሠሪው ጠባይ በማግሥቱም ይታያል። የኪራይ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሚስማር የመታ ሰው ቀዳዳውን ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል፤ በሽቦና በገመድ የሠራ ግን ቤቱን እንደተረከበው ያስረክባል። ኮባው ለከብት ይሰጣል፣ አጣናው ለእድሩ ይመለሳል፣ በጀፎረው ላይ የተቆፈረው የቋሚ ጉድጓድ ከብት እግሩን እንዳይሰብርበት ተደፍኖ ይረገጣል። ከቀብዱ የቀረው ገንዘብ መከፈል ያለበት ያን ጊዜ ነው።