ከአጥሩ ውጭ የቀረው አባት
ስለ «ዋሪየር» ፊልም የተሰጠ አስተያየት

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል ያገራችን ሰው። በሜዳ ላይ ሎሌ ጌታውን ቢመታ ቂም አይያዝበትም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ጋቪን ኦኮነር አዘጋጅቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዋሪየር»፣ ማለትም «ተዋጊ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቤት ውስጥ የታመቀ ቂም በሜዳ ሊወጣ ይችላልን? ፊልሙን በሆሞሻ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ባየነው ጊዜ ብዙ ክርክር ስላስነሣ፣ አስተያየታችንን ለአንባቢ ማቅረብ ወደድን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፓዲ ኮንሎን የተባለ የፒትስበርግ ሰው በመጠጥ ምክንያት ቤቱን አፍርሷል። ታናሹ ልጁ ቶሚ ከእናቱ ጋር ሸሽቶ ሄዶ እስክትሞት ድረስ ብቻውን አስታሟታል፤ ታላቁ ብሬንደን ግን ስለሚወዳት ልጃገረድ ሲል ከአባቱ ዘንድ ቀርቷል። ስለዚህ ቶሚ የተቀየመው አባቱን ብቻ ሳይሆን ወንድሙንም ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ቡጢ፣ ርግጫና ትግል በተደባለቀበት፣ 5 ሚሊዮን ዶላር በሚያሸልም ውድድር ይገባሉ።

ብሬንደን የፊዚክስ መምህር ነው። ቤቱ በባንክ ዕዳ ሊወሰድበት ስለሆነ ማታ ማታ ይጋጠማል፤ ይህም ሲታወቅበት ያለ ደመወዝ ከሥራው ይታገዳል። ጨዋ ሰው ወደ ድብድብ የሚገባው ብዙ ጊዜ በጀግንነት ሳይሆን በችግር መሆኑን ፊልሙ በሚገባ አሳይቷል። ነገር ግን ከ16 ተወዳዳሪዎች መካከል ለመጨረሻው ግጥሚያ የሚደርሱት ወንድማማቾቹ መሆናቸውን ተመልካች ገና ከመጀመሪያው ስለሚገምተው፣ ይህ የድርሰቱ ጉድለት ነው።

የፊልሙ ልብ ያለው ከሽቦው አጥር ውጭ ነው። መጠጥ ከተወ 1,000 ቀን ሊሞላው የተቃረበው አባት፣ ቶሚ ካዋረደው በኋላ በሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሰክሮ ይገኛል፤ ይቅር አልልም ያለው ልጅም አቅፎ ያባብለዋል። አባቱን ሆኖ የተጫወተው ኒክ ኖልቲ በ2012 ለኦስካር ሽልማት መታጨቱ የሚገባው ነበር። ቡጢ የሌለበት ይህ ትርኢት ከቡጢው ሁሉ ይበልጥ ያማል።

በመጨረሻው ግጥሚያ ብሬንደን የወንድሙን ትከሻ ካወለቀ በኋላ፣ አንቆ እንደያዘው እንደሚወደው ይነግረዋል፤ ቶሚም ይሸነፋል። ከባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ «እርቅ ማለት ይህ ነው» አሉ። እኛ ግን እርቁ ጎዶሎ ነው እንላለን። ባገራችን ወንድማማቾች ሲጣሉ ሽማግሌ በመካከል ይገባል፤ በደል ይነገራል፤ በዳይም ይታወቃል። በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌ ሊሆን ይገባው የነበረው አባት እርሱ ራሱ በዳይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ተደጋግፈው ከመድረኩ ሲወጡ ከዳር ቆሞ ያያል እንጂ የጠራው የለም። አዘጋጁ ይህን ሳይሸፋፍን መተዉ ያስመሰግነዋል።

መምህራን ይህን ፊልም ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ፣ የአሸናፊውን ክንድ ብቻ ሳይሆን ከዳር የቆመውንም ሽማግሌ እንዲመለከቱ ቢመክሯቸው መልካም ነው። ጨዋታው ሲያልቅ መመለሻው ቤት ነውና፣ በሜዳ የወጣ ቂም በቤት ውስጥ በቃል ካልተፈታ ተመልሶ ይገባል።