አኳሪየም ከቤት ቤት

መቱ ውስጥ ቤት የሚቀይር ሰው አኳሪየም እንዳጓጉዝለት ሲጠራኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጉልበተኛ ልጆችና አንድ ፒክአፕ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ከነውሃው ተሸክመን የምንጭነው ይመስለዋል። ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም 300 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻውን 300 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ወደ 400 ይጠጋል። ግማሹን ብናስቀረውስ ይሉኛል። የቀረው ውሃ ኮረኮንች ላይ ወዲያ ወዲህ እየተማታ መስታወቶቹን የያዘውን ሲሊኮን ያላቅቀዋል። ስለዚህ ውሃውም ጠጠሩም ይወጣል፤ ባዶው መስታወት ከሥሩ ተደግፎ ፍራሽ ላይ ይጫናል፤ አዲሱ ቤት ሲደርስ ማስቀመጫው በውሃ ልክ ይለካል። ይኼ ሥራ ጥንቃቄ ላለው ሰው ሁሉ አይከብድም።

ዓሣ የሚያልቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። የማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ ከሞቱ አዲሶቹ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። እግረ መንገዳችንን እናጽዳው ብሎ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ የሚያሽ ሰው፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን እንደሚፈጅ አይታየውም፤ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ስፖንጁን ሳላሸው ከራሱ ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር ሰፊ ባልዲ ውስጥ አኖረዋለሁ። አየር እንዲያገኝ ክዳኑን አላጠብቀውም፣ ባክቴሪያዎቹም ይተነፍሳሉና።

ዓሣዎቹ ከዋዜማው ጀምሮ አይበሉም፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ መንገድ ላይ ውሃውን ብዙም አያበላሽም። የማወጣቸው ውሃው ወርዶ መሸሻ ሲያጡ ነው። ከረጢቱ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሆናል፤ ጨለማ ስለሚያረጋጋቸው ብርድ ልብስ እጠቀልልበታለሁ። ከመቱ ተነስቶ ቢሎ ኖፓ ድረስ ወይም ከዚያ ርቆ የሚሄድ ከሆነ፣ ዓሣዎቹ የተነፈሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሞኒያውም በዚያው ጉልበት ያጣል። ከረጢቱ ተፈትቶ ጋዙ ሲወጣ ግን አሞኒያው ወዲያው መርዝነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከረጢቱ እንደታሰረ ውሃ ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ እስኪስተካከል ይቆያል። አንዴ ከተፈታ በኋላ ግን መዘግየት የለም፤ ዓሣዎቹ በመረብ ይወጣሉ፣ የመጡበት ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ አይገባም።

አንዳንዱ ቤት የሚቀይር ሰው አዲሱ ክፍል ይጠበዋል፤ ዓሣዎቹን ለመቀነስ ይፈልጋል። አንድ አባወራ «ወንድሜ፣ ሶር እዚሁ አጠገባችን አይደል? ዓሣ ወንዝ ቢገባ ምን ይጎዳል?» ብለውኛል። ቅን ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ሊገድሏቸው ስላልፈለጉ ነው የጠየቁኝ። ሶር ግን ተራ ወንዝ አይደለም። ጋራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች በዚህ ወንዝ ስድስት ዓይነት መልክ ይዘው አብረው እንደሚኖሩ ተመራማሪዎች በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት አሳይተዋል፦ አፈ ሰፊ አለ፣ አፈ ጠባብ አለ፣ ከንፈሩ የደነደነ አለ፣ ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላም አለ። አንድ ወንዝ ውስጥ እንዲህ መለያየታቸው በዓለም ላይ ብርቅ ነው። የመቱ ልጆች ከድንጋይ ሥር የሚይዟቸው እነዚህን ነው። ከሱቅ የተገዛ ዓሣ ደግሞ በሽታም ጥገኛ ትልም ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ ከለመደ በኋላ ምግባቸውንና መራቢያቸውን ቢሻማ ማንም ለቅሞ አያወጣውም።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ የተረፈውን ዓሣ የሚወስድ ሌላ አርቢ አፈላልጋለሁ፣ የሚደፋውን ውሃም ከወንዝና ከቦይ አርቀን ጓሮ ሙዝ ሥር እናፈስሰዋለን። በዚህ የማይስማማ ሰው ካለ ዕቃውን አልጭንለትም።