የሐይቅ ቤት መዝገብ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱበት ሐይቅ ከተማን ይነካል። ከከተማዋ ወረድ ሲሉ ውኃው ይገለጣል፤ ከውኃው ዳር ደግሞ በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ አለ። ድሮ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚያ ነው።

በእንግሊዝ አገር የቆየ የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ በጠባቂዎቹ ተራ ይተረካል። ማን ከማን ተረከበ፣ ማን ጣሪያውን አደሰ፣ ማን ለልጁ አወረሰ እየተባለ ውልና ደብተር ይፈተሻል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ለመጣ ሁሉ እግር መታጠቢያና ቁራሽ የማያጣ ቤት የት ይገኛል ብባል ገዳም ነው እላለሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስም ደብተር አለው። ያ ደብተር ወንጌል ነው።

ወንጌሉ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ነው። ያጻፉት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ናቸው፤ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ መጥተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ማኅበረ መነኮሳቱን አቆሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እሳቸው ዘንድ ተምረዋል፤ በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ሂሩተ አምላክም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው። ይህን የመሰለ ቤት ያቆመ ሰው የሚያጽፈው ወንጌል ለቅዳሴ ብቻ እንዲሆን አልፈለገም፤ ቤቱን የሚሸከም መጽሐፍ አሠራ።

እንዴት ተሠራ የሚለውን ከቆዳው እንጀምር። የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በጠፍር ተወጥሮ፣ ጠጉሩ ከአንድ ወገን ሥጋው ከሌላው ወገን ይፋቃል። ፋቂው እጁ ከከበደ ብራናው ይበሳል፤ ከሰነፈ ደግሞ ቅባቱ ይቀርና ቀለም አይቀበልም። ጥሩ ብራና ሲነካ ልስላሴው እንደ ጨርቅ፣ ሲገለጥ ድምፁ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ ስለሆነ አራቱን ወንጌላት ለመጻፍ መንጋ ያህል ፍየል ያስፈልጋል። ከዚያ ጸሐፊው በወስፌ ጠርዙን ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደረቅ ስለት ያሰምራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ጎድጎድ ያለ ጥላ ነው። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈውን ብራና ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ያ ጥላ አሁንም ይታያል። ጥራዙ ሲሰበሰብ የጠጉሩ ወገን ከጠጉሩ፣ የሥጋው ወገን ከሥጋው እንዲገናኝ ይደረጋል። መጽሐፉ ሲከፈት ሁለቱ ገጾች አንድ ዓይነት መልክ የሚኖራቸው በዚህ ምክንያት ነው። አንባቢው አያስተውለው ይሆናል፤ ሠሪው ግን ስለ አንባቢው ዐይን አስቧል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተበጥብጦ ወራት የሚቆይ ነው፤ ብዕሩ መቃ። በዚያ ዘመን የነበረው ጽሕፈት ከዛሬው ቁም ጽሕፈት ይለያል። ፊደሉ ሰፊ፣ ማዕዘኑ ስለታም፣ አቋሙ ቀጥ ያለ ነው፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ይመስላል። እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ እርጋታው ነው። ከማቴዎስ መጀመሪያ እስከ ዮሐንስ መጨረሻ የሚሄድ እጅ መድከሙ አይቀርም፤ የእነዚያ ጸሐፍት ጥበብ ድካሙን ከፊደሉ ላይ ማራቅ ነበር።

ከወንጌሉ በፊት የሚመጡትን ገጾች ደግሞ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። በአራተኛው መቶ ዓመት አውሳብዮስ ዘቂሳርያ አራቱ ወንጌላት የሚተባበሩባቸውንና የሚለያዩባቸውን ክፍሎች በዐሥር ሠንጠረዦች አዘጋጅቶ ነበር። በውስጣቸው ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የኛ ሠዓልያን ግን፣ ከአባ ገሪማ ወንጌላት ጀምሮ በወረደ ልማድ፣ ቁጥሩን በዓምዶች መካከል አስገብተው ከላዩ ቅስት አድርገውበታል። ስለዚህ ወንጌሉን የሚገልጥ ሰው በሮችን እያለፈ ነው የሚገባው፤ በር፣ ቀጥሎ ሌላ በር፣ ከዚያ ቃሉ። ደረቅ የቁጥር ዝርዝርን ደጀ ሰላም ማድረግ የመጨረሻ ብልሃት ይመስለኛል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያረፉት ከወንጌሉ መጻፍ ዐሥር ዓመት ያህል ዘግይተው ነው፤ እንግዲህ ሥዕሉ የተሣለው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው ማለት ነው። ቤቱን የሚጠብቀው ሰው በቤቱ መጽሐፍ ውስጥ ከእነ ማቴዎስና ማርቆስ ጋር አለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ ጻፉ። የተሰጠ ርስት፣ የተበረከተ ንዋይ፣ ገዳሙ ያሉት መጻሕፍት። እ.ኤ.አ. በ1292 የተመዘገበው የመጻሕፍት ዝርዝር በአገራችን እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። የእነዚህ ማስታወሻዎች ጽሕፈት እንደ ወንጌሉ አይደለም። አንዱ ያጣብቃል፣ ሌላው ይዘምማል፣ አንዱ ቦታ ሲያልቅበት ፊደሉን አሳንሶ ጠርዙ ድረስ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን እንደ መጽሐፉ ጉዳት ያየዋል። እኔ አልስማማም። ወረቀት በሌለበት ዘመን ሊጠፋ የማይገባ ነገር የሚጻፈው ማንም ሊፍቀው በማይደፍረው ቦታ ነው፤ በመሠዊያው አጠገብ በሚቀመጥ፣ በመሐላ በሚነካ መጽሐፍ ላይ። ብራናው በደንብ ባይፋቅ፣ ኅዳጉ ሰፋ ተደርጎ ባይተው፣ ጥራዙ በጽኑ ባይሰፋ፣ ያ ሁሉ ርስትና ስም የት ያርፍ ነበር?

ወደ ቤቱ ጠባቂዎች ስንመለስ፣ የሐይቅ አበምኔት መጠሪያው ዐቃቤ ሰዓት ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ። በቤተ መንግሥትም ትልቅ ማዕረግ ነበር። በዐፄ ዳዊት ጊዜ ስለ ሰንበት በተነሣው ክርክር ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ፤ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ተራ በተራ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደሴቲቱ ድረስ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። ወርቁ ሄደ፤ ወንጌሉ ቀረ። ማን እንደሸሸገው፣ በየትኛው ዋሻ ወይም በማን ጋቢ ሥር እንዳለፈ የሚናገር መስመር ኅዳጉ ላይ ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጽሐፉ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ከኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ስብስብ ጋር በቁጥር 1832 ተመዘገበ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለሙ ይጠፋል፣ ቀይ መነሻውም እንደ ሌላው ይጠቁራል። የወስፌው ቀዳዳ ግን በጠርዙ ላይ በተራ እንደተደረደረ አለ፤ በአንዳንድ ገጽ ላይም ከመጨረሻው ቃል በታች ገና ያልተጻፈባቸው መስመሮች ተሰምረው ቀርተዋል።