እንግዳው ዓሣና ባለቤቱ ወንዝ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ለኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። ኢዋርት ግሮጋን የትራውት ዕንቁላል ከስኮትላንድ አስመጥቶ በአበርዴር ተራሮች በሚፈሰው ጉራ ወንዝ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። የአጥማጆች ክበብ ያቆየው ጥበብ ይደነቃል፤ ላባን በክር አስሮ ዝንብ ማስመሰል ትዕግሥትን፣ የያዙትን ወደ ውኃው መመለስ ልክን ማወቅን ያስተምራልና።

ጉድለቱ ያለው በቅኝ ግዛት ዘመን በተወረሰው ትረካ ላይ ነው። በዚያ ትረካ የወንዙ ታሪክ ከዓሣው ጋር ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት በዳርቻው ሲያርስና ከብቱን ሲያጠጣ የኖረው ኪኩዩ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ብቻ ብቅ ይላል። ይሁን እንጂ ናይሮቢ የምትጠጣው ውኃ አብዛኛው የሚወርደው ከእነዚሁ ተራሮች ነው። የወንዙ ጥራት ለአጥማጁ መዝናኛ፣ ለገበሬውና ለከተሜው ሕይወት ነው። ክበቡ ከሁለቱ ጋር አንድ ማዕድ ሲቀርብ እንግዳው በእርግጥ ቤተኛ ይሆናል።