ስለ ሳቅና ስለ ሲንደሬላ እኅቶች

ለሕፃናት ቴአትር የሚጫወት ሰው ለትልልቆች ከሚጫወተው ይልቅ ኀላፊነቱ ይከብዳል። ትልቅ ሰው የማይረባውን ሰምቶ ይጥለዋል፤ ሕፃን ግን የሳቀበትን ነገር ሁሉ ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል።

በእንግሊዝ አገር በገና ሰሞን «ፓንቶማይም» የሚባል የተረት ጨዋታ ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ሁሉን አስመሳይ» ማለት ነው። በጥንት ሮም ተጫዋቹ ሳይናገር በአካሉ እንቅስቃሴ ብቻ ታሪኩን ያሳይ ነበር፤ የእንግሊዞቹ ጨዋታ ግን ንግግር፥ ዘፈንና ቀልድ የሞላበት ነው። አሮጊቲቱን ወንድ ይጫወታታል፤ ጐበዙን ወጣት ደግሞ በልማድ ሴት ትጫወተዋለች። በትልልቅ ቴአትር ቤቶች ደመወዝተኞች ተዋንያን ሲያሳዩት፥ በየመንደሩ አዳራሽ በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ማታ ማታ ተሰብስበው አጥንተው ያለ ክፍያ ያሳዩታል።

እኔም በዚያ አገር ሳለሁ እንዲህ ያለ አንድ ማኅበር ያዘጋጀውን «ሲንደሬላ» ተመልክቻለሁ። ምስጋናውን አስቀድማለሁ። ልብሱን የሰፉት፥ መጋረጃውን የሳሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ የፈረስ ልብስ ውስጥ ገብተው፥ አንዱ የፊት አንዱ የኋላ እግር ሆነው ሲሄዱ፥ የኋለኛው ምንም ሳያይ ፊተኛውን አምኖ መከተሉ አስደነቀኝ። የዚያን ሰው ፊት ማንም አላየለትም፤ ጭብጨባውም ለፈረሱ ነበር። ስሙ ሳይጠራ ለሥራው ማማር የሚደክም ሰው ያለበት ማኅበር አይወድቅም። ይልቁንም የሕፃናቱ ጩኸት ደስ አሰኘኝ። ክፉው ሰው ከጀርባ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ቃል «ከኋላህ ነው!» ይላሉ። እንዲህ ብሎ የሚጮኽ ልጅ በሌላው ላይ አደጋ ሲመጣ ዝም ብሎ ማየት ነውር መሆኑን እየተማረ ነው።

ነቀፋዬ ግን በሁለቱ የእንጀራ እኅቶች ላይ ነው። በፓንቶማይም ልማድ «አስቀያሚዎቹ እኅቶች» ይባላሉ። ሁለት ወንዶች ትልቅ አፍንጫ ለጥፈው፥ ሆዳቸውን በጨርቅ ሞልተው ወጡ፤ ሳቁም ሁሉ በአፍንጫና በውፍረት ላይ ዋለ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1697 ተረቱን ሲያሳትም የጻፈው ትዕቢታቸውን እንጂ አስቀያሚነታቸውን አይደለም። በመጨረሻም እግሯ ሥር ወድቀው ምሕረት ሲለምኗት፥ ሲንደሬላ አንሥታ ታቅፋቸዋለች፤ ወደ ቤተ መንግሥት ወስዳም ለሁለት ታላላቅ መኳንንት ትድራቸዋለች። በዚህ ጨዋታ ይቅርታው ፈጽሞ ቀርቶ፥ እኅቶቹ እንደ ተሳቀባቸው ተባረሩ።

«ለቀልድ እኮ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ቀልድን አልጠላም፤ ትዕቢታቸው በተገለጠበት ጊዜ እኔም ከሕፃናቱ ጋራ ስቄአለሁ። ነገር ግን በትዕቢት መሳቅና በመልክ መሳቅ አንድ አይደለም። ሰው ትዕቢቱን ሊተው ይችላል፤ አፍንጫውን ግን የት ያደርሰዋል? ባስተማርሁባቸው ዓመታት በመልኩ የተሳቀበት ልጅ መልሱን እያወቀ እጁን ሳያነሣ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዚያም አዳራሽ ከሚስቁት መካከል ቀስ ብሎ አፍንጫውን በእጁ የሸፈነ ሕፃን አይኖርም ማለት አይቻልም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም በትምህርት ቤትህ ለበዓል ቴአትር ታዘጋጅ ይሆናል። ክፉውን ሰው አስቂኝ አድርገህ አሳየው፤ ሳቁ ግን በሥራው ላይ ይሁን። ጊዜ ቢያጥርህም ከዘፈኑና ከቀልዱ ቀንስ እንጂ ይቅርታውን አትቁረጥ፤ ተረቱ የተነገረው ለእርሱ ነውና።