«ማለስለሻ» ስለ ተባለው ስያሜ፦ የቶርኖ ዘይት ቃላት ሲመረመሩ

ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለሱ የቴክኒክ ጽሑፎች ውስጥ፥ ተንቀሳቃሽ የብረት ክፍሎች እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ የሚደረገውን ነገር ሁሉ «ማለስለሻ» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ስያሜው በአመሠራረቱ እንከን አይወጣለትም፤ ለሰለሰ፥ አለሰለሰ፥ ማለስለሻ ማለት የመሣሪያ ስም ደንብ ነው። ነቀፌታችን ከትርጉሙ ላይ ነው። የብረት ሠራተኛ «ማለስለስ» ሲል ሻካራውን ገጽ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ማለቱ ነው። በቶርኖ ላይም የመጨረሻው ስስ ቆረጣ ማለስለስ ነው። እንግዲህ «ሐዲዱ በየቀኑ ማለስለሻ ይደረግለት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞችን ተሸክሟል። መቁረጫውን የያዘው ክፍል የሚመላለስበት ሐዲድ እንዳይፋቅ የሚጠብቀውን ዘይትና ሐዲዱን ራሱን የሚፍቀውን ወረቀት አንድ ስም ያደርጋቸዋል።

ቃሉ የሚያደርሰው ጉዳት የሚታየው ከአንባቢው ዘንድ ነው። በመዠንግር ዞን ዋና ከተማ በመቲ፥ በጓሮው አነስተኛ ቶርኖ የተከለ ሰው እናስብ። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከክልሉ ተወላጆች ብዙዎቹ ግን አፋቸውን የፈቱት በመዠንግርኛ፥ በአኝዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ነው። እንዲህ ያለው አንባቢ የአማርኛውን መመሪያ ቃል በቃል ያምነዋል፤ ሲያሻማው ከልጅነት በወረሰው የቋንቋ ልማድ አያቃናውም። አየሩም ምሕረት የለውም። ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት የመዘገበው የመዠንግር ደን እርጥበት የሞላበት ስለ ሆነ፥ ዘይት ያልነካው የተወለወለ ብረት ፈጥኖ ይዝጋል።

«ማለስለሻ»ን ከተውን «ዘይት» ይቀረናል፤ እርሱም ያለ ቅጽል ብቻውን አይበቃም። በግእዝ ዘይት ወይራ ነው፤ ደብረ ዘይት መባሉም ከዚሁ ነው። የዘይትና የቅባት ጠቅላላ ስም «ቅብዕ» ሲሆን «ቅባኑግ» በሚለው ቃል ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል። የዛሬው አማርኛ ግን ከወጥ ቤቱም ከሞተሩም የሚገባውን «ዘይት» ይላል፤ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም «ነዳጅና ቅባት» የሚል ቋሚ አነጋገር አላቸው። መመሪያው «ጥቂት ዘይት» ብሎ ካለፈ፥ ባለ ቶርኖው በእጁ ያለውን ቅባኑግ ቢያፈስ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ከሚደርቁት ወገን ነውና ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል። «የማዕድን ዘይት» ቢባል ግን ጥርጥር አይኖርም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ያለው ከቁጥሮቹ ዘንድ ነው፤ ተርጓሚዎች ቁጥር አይተረጎምም ብለው ስለሚያልፉት። በአይ.ኤስ.ኦ. ምደባ 68 ማለት ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ዝልግልግነት በሴኮንድ 68 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። በኤስ.ኤ.ኢ. ምደባ ግን ቁጥሩ ደረጃ እንጂ ልክ አይደለም። የሞተር ዘይት 20 ለአይ.ኤስ.ኦ. 68፥ የሞተር ዘይት 30 ደግሞ ለ100 ይቀርባል። የማርሽ ዘይት የሚለካበት የኤስ.ኤ.ኢ. ሚዛን ደግሞ ከሞተሩ የተለየ ነው፤ የማርሽ 90 ከሞተር 40 ወይም 50 እጅግ አይርቅም። «90 ቁጥር» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን የ30ን ሦስት እጥፍ ወፍራም አድርጎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ቁጥር ያለ ምደባው ስም መጻፍ የለበትም። ለትንሽ ቶርኖ ራስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አይ.ኤስ.ኦ. 32 ወይም 68 ሲሆን፥ ለሐዲዱ 68 የሆነ፥ ከብረቱ ላይ ሙጭጭ የሚል የሐዲድ ዘይት ይመረጣል። ይህን ሙጭጭ ማለት አንዳንዶች «ዝልግልግነት» ሲሉት እናያለን፤ አይገባም። ዝልግልግነት ለመፍሰስ መዘግየት ነው፤ ሙጭጭ ማለት ግን ከተቀመጡበት አለመልቀቅ ነው።

የሞተር ዘይት ለቶርኖ ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄም የቃል ጣጣ አለበት። በሞተር ዘይት ውስጥ ብናኙን አንሳፎ ወደ ማጣሪያው የሚያደርስ ቅመም አለ። የብዙ ትናንሽ ቶርኖዎች ራስ ማጣሪያ ስለሌለው ብናኙ ከሥር እንዲዘቅጥ እንጂ እንዲንሳፈፍ አይፈለግም፤ በእርጥብ አገርም ይኸው ቅመም ውኃን ከዘይት ጋር አቀላቅሎ ያቆያል። ይህን ቅመም «አጣቢ» ማለት ይቻላል፤ «ሳሙና» ግን አይባልም። በቅባት ትምህርት ሳሙና የሚባለው ግራሶን የሚያረጋው ነገር ነውና።

ስለ ግሡ ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ከተርጓሚዎቹ ይልቅ ባለጸጋ ነው። መመሪያዎቹ ሁሉን ነገር «ይቀባ» ይላሉ። ነገር ግን ጠባብ ቀዳዳ ያለው የዘይት መቀበያ አይቀባም፥ ይጠጣል እንጂ፤ ቆዳ ቅቤ ይጠጣ የለምን? የራሱ ማጠራቀሚያ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ሐዲዱ ደግሞ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ይታሰሳል። ምጣድን በጎመን ዘር ማሰስ የሚያውቅ ሰው ስስ ንብር ምን ያህል እንደ ሆነ አስረጂ አያሻውም። እርግጥ ከምጣዱ የምንዋሰው ግሡን ብቻ ነው፤ ምጣድ ላይ ዘይቱ ደርቆ ልባስ መሆኑ ይፈለጋል፥ ሐዲድ ላይ ግን መከራ ነው።

በሚቆረጠው ብረት ላይ የሚፈሰው፥ ከውኃ ጋር ተደባልቆ ወተት የሚመስለው ፈሳሽ «የመቁረጫ ፈሳሽ» ይባል፤ ከሐዲዱ ላይ ዘይቱን የሚያጥብ ስለ ሆነ ከሥራ በኋላ ተጠርጎ ሐዲዱ እንደ ገና ሊታሰስ ይገባል።

በመጨረሻ «ግራሶ» ከጣልያንኛ፥ «ግሪስ» ከእንግሊዝኛ ገብተው ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ መመሪያ ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንባቢው ሁለት ዕቃ ይገዛል። ቶርኖና ኩሽኔታ ከሚሉ ባለሙያዎች አፍ የሚወጣው ግራሶ ስለ ሆነ እርሱን እንመርጣለን። ከራሱ ውጭ ላሉት ተቀያያሪ ጥርሶች ጥቂት ግራሶ ይበቃቸዋል። ሐዲድ ላይ ግን ግራሶ አይደረግም፤ የብረቱን ብናኝ ይዞ እንደ ሞረድ ይፍቃልና።